ምርቃት ከማዕድ በኋላ

ደባርቅ ከተማ፣ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት በሚወስደው መውጫ፣ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁ። ሰማያዊና ነጭ ባቡር በድልድይ ላይ ያልፋል፤ ከበስተኋላው ፎቆች ይታያሉ፤ ሰው ግን አንድም የለበትም። ሥዕሉን እንድሄስ የገፋፋኝ ይህ ጉድለት ነው።

የባቡሩ የሰሜን–ደቡብ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አገር ተደስቶ ነበር፤ ደስታውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር በጥቅምት መጨረሻ ተከተለው። 39 ጣቢያዎች፣ 41 ባቡሮች፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ፣ ከዚህም 85 በመቶው የቻይና ባንክ ብድር። ቲኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ስለ ነበር የቀን ሠራተኛውና ተማሪው ተሳፈሩበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጎማዎቹ አለቁ፤ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ እንጂ በብር አይገዛም። ከባቡሮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሥራ አቆሙ፤ የተሳፋሪው ሰልፍ ረዘመ። ባቡሩ ጨርሶ አልጠፋም፤ አጭር ዕድሜ የነበረው ሙሉ አገልግሎቱ ነው።

ታዲያ ሥዕሉ ምን አጠፋ? ካሜራው የመጣው ለምረቃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ብዙው የኪነ ጥበብ ሥራችንም እንደዚሁ ነው። ሪባን ሲቆረጥ እንዘፍናለን፤ ዘይት በተነከረ እጁ ብሎን የሚያጠብቀውን ሰው ግን ስሙን እንኳ አንጠይቅም። በባህላችን እንግዳ የሚመርቀው በልቶ ጠግቦ ሲነሣ ነው። እኛ ገና እንጀራው ሳይጋገር መርቀን ተነሣን።

ከሻይ ቤቷ ደጃፍ ቆሜ መንገዱን ሳይ ተቃራኒው ምሳሌ ከፊቴ ነበር። የሊማሊሞን መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደል ፈልፍለው ሠሩት፤ ዛሬ የሚወደሰው መጠምዘዣው ነው። ይሁን እንጂ ተራራው በየክረምቱ ይናዳል፤ ድንጋይ ባይነሣ፣ ግንብ ባይጠገን ኖሮ ከወራሪው ጋር አብሮ በጠፋ ነበር። ከነጻነት በኋላ የተጎዱት የአገሪቱ መንገዶች እንዲጠገኑ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመውም፣ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ የተገኘው የመንገድ ብድርም ይህን ያስረዳሉ፤ የተሠራን መንገድ በሕይወት ማቆየት ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነው።

ገጣሚ ዶላር አያመጣም፣ ሠዓሊ ጎማ አይለውጥም የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ሹም የሚተጋው ለሚወደስበት ነው። ውዳሴው ሁሉ በምረቃው ቀን ካለቀ ለሚቀጥለው ዓመት መለዋወጫ በጀት የሚሟገት ከየት ይመጣል?

እንዲህ ስል ሥዕሉ ከግድግዳው ይውረድ ማለቴ አይደለም። ባለቤቲቱ ሰቅላ የያዘችው ኩራቷን ነው፤ ኩራቷም ተገቢ ነው። አጠገቡ ግን ሌላ ሥዕል እንዲሰቀል እመኛለሁ፤ ከቆመ ባቡር ሥር በጀርባው ተንጋሎ የሚሠራ መካኒክ፣ ከጣቢያውም በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው ያለበት። ያን ጊዜ ምርቃታችን ከማዕድ በኋላ ይሆናል።