የአንድ ድምፅ ድርሻ

አሶሳ ላይ ባህላዊውን ከዘመናዊው ያዋሐደ ቡድን ሊያይ የተቀመጠ ሰው ከዓይኑ ይልቅ ጆሮውን ያዘጋጅ። የበርታዎች ዋዛ፣ ብዙዎቻችን ዙምባራ የምንለው፣ ቅል በቅል ላይ እየተቀጠለ የሚረዝም መለከት ነው። ሲያዩት ስለሚያምር መድረክ ላይ መታየቱ ብቻ ጭብጨባ ያስገኛል። ቁም ነገሩ ግን አነፋፉ ላይ ነው። እያንዳንዱ ነፊ የያዘው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚወለደው አሥር ያህል ሰዎች ተራቸውን ጠብቀው፣ ቅጽበት ሳያዛንፉ ሲቀባበሉት ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ነፊዎቹን ይቁጠሩ። ሦስት ብቻ ከሆኑና ዜማው ሙሉ ሆኖ ከተሰማዎት፣ የሚጫወተው ኪቦርዱ ነው፤ ቅሎቹ ጌጥ ሆነዋል። ነፊዎቹ ሙሉ ከሆኑ ደግሞ ኪቦርዲስቱ እጁን የሚያነሣበትን ጊዜ ይጠብቁ። ያኔ ዜማው ሳይሰበር ከቀጠለ ቡድኑ ሥራውን ያውቃል። እጁን ጭራሽ የማያነሣ ከሆነ እኔ ነጥብ እቀንሳለሁ።

ቅኝቱ ከሁሉ ይከብዳል። ቅሎቹ የተቃኙት እርስ በርሳቸው እንጂ ከፒያኖ ጋር አይደለም። ጎበዝ አቀናባሪ ኪቦርዱን ወደ ቅሉ ያመጣዋል፤ የየቁልፉን ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚያስችሉ ኪቦርዶች ዛሬ ሞልተዋል። ሰነፉ ግን የማይስማማውን ነፊ ከማይክሮፎን ያርቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ የኢትዮ ጃዝን መሠረት የጣለው ሙላቱ አስታጥቄም ጥንቃቄው ይኸው ነበር፤ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝታችንን ከምዕራቡ ኮርድ ጋር ሲያገናኝ ኮርዱ ቅኝቱን እንዳይውጠው። በእኔ ዕይታ አሶሳ ላይ ፈተናው ይብሳል፤ እዚህ ሊዋጥ የተቃረበው አንድ ቅኝት ብቻ ሳይሆን የአሥር ሰው መደማመጥ ነው።

የሱዳን ምት ሲገባ ባዕድ ነገር ገባ ብለው አይቸኩሉ። በርታዎች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም፣ በሱዳን ብሉ ናይልም ይኖራሉ። የሚያሳስበኝ የምቱ አገር አይደለም። በማሽን ተሞልቶ የመጣ ምት አንዱ ነፊ ለሌላው ሲያቀብል የሚተወውን ክፍተት ይደፍነዋል። ጥሩ ድራመር ያቺን ክፍተት እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል፤ ያኔ ከዋዛው ጋር በትከሻ ላይ ተይዞ በቀንድ የሚመታው እንጨት ድምፁ ጥርት ብሎ ከኋላ ወንበር ድረስ ይደርሳል።

ከፍተኛውን ነጥብ የማቆየው ለቤዝ ጊታሪስት ነው። እጁ የለመደውን የቤዝ መስመር ትቶ አንዲት ድምፅ ብቻ ከወሰደ፣ በሁለት ወፍራም ቅሎች መካከል ቆሞ ተራው እስኪደርስ ትንፋሹን ይዞ ከጠበቀ፣ ደርሶም ያችኑ አንዲት ድምፅ በሰዓቷ ከጣለ፣ ያ ሰው አጃቢ መሆኑ ቀርቶ አሥራ አንደኛው ነፊ ሆኗል።