የኦስቦርን ቤት ሰሙና ወርቁ

ቤት እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ የፊቱን መልክ ብቻ አይቶ የሚያደንቅ ሰው፥ ሰሙን ይዞ ወርቁን እንደ ዘነጋ ተማሪ ነው። በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት የሚገኘው የኦስቦርን ቤት ለዚህ ነገር ምስክር ይሆናል።

ንግሥት ቪክቶርያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ቦታውን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1845 ዓ.ም. ገዝተው፥ አሮጌውን ቤት አስፈርሰው፥ አዲሱን እስከ 1851 አሠሩ። ሐሳቡ የልዑሉ፥ ሥራው የግንበኛው የቶማስ ኩቢት ነው። በፊት ለፊት ያለው ባሕር የናፖሊን ሰላጤ ስላሳሰባቸው፥ ልዑሉ የኢጣልያ መኳንንት በገጠር የሚሠሩትን ቤት አብነት አደረጉ። ስለዚህ ሁለት ረዣዥም ግንቦች፥ ቅስት ያላቸው መስኮቶች፥ በእርከን የተሠራ የአትክልት ቦታም አለው። ግድግዳው ድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን በሲሚንቶ የተለሰነ ጡብ ነው። ይህን እንደ ሐሰት ቈጥሮ የሚነቅፍ ቢኖር፥ በኢጣልያም ጡብን በልስን መሸፈን የተለመደ መሆኑን ያስብ።

የቤቱ ብልሃት ግን በክፍሎቹ አደላደል ነው። የቤተ ሰቡ ማደሪያ ለብቻው፥ የባለሟሎቹም ለብቻው ሆኖ በረዥም መተላለፊያ ይገናኛል፤ የሕፃናቱም ክፍል ከንግሥቲቱ ክፍል በላይ ነው። ይኸውም መንግሥት በደጅ ቀርቶ፥ እናትና አባት ከልጆቻቸው ጋራ እንዲኖሩ የታሰበ ነው።

ነገር ግን መንግሥት በደጅ አልቀረም። በ1868 መቅደላ ከወደቀች በኋላ፥ አባቱን ዐፄ ቴዎድሮስንና እናቱን እቴጌ ጥሩ ወርቅን ያጣው የሰባት ዓመት ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ለንግሥቲቱ የቀረበው በዚሁ ቤት ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያም በላሆሩ ባለሙያ በባይ ራም ሲንግ ጥበብ ያጌጠ የሕንድ አዳራሽ ተጨመረ። ጌጡ እጅግ የረቀቀ ነው፤ ከኢጣልያው መልክ ጋራ ግን አይስማማም። ሆኖም ከሌሎቹ ክፍሎች ይልቅ እውነቱን የሚናገር እርሱ ነው፤ የቤቱ እመቤት የሕንድም ንግሥት እንደ ነበሩ አይሰውርምና።

ንግሥቲቱ በ1901 በዚሁ ቤት ዐረፉ፤ ልጃቸው ንጉሥ ኤድዋርድም በ1902 ለአገሩ ሰጡት፤ ዛሬ ለጐብኚ ክፍት ነው። ዓለማየሁ ግን በ1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ ዐርፎ በዊንድሶር ተቀበረ፤ ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውንም ልመና የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም።

የኦስቦርን ምስጋና ልጅን ከእናቱ አጠገብ ማኖሩ ነው። ወርቁም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል።