ተቆጣጣሪው ከመምጣቱ በፊት

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚለውን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምንወረውረው በሚስቱና በልጆቹ ላይ ሲያኮርፍ ውሎ ጎረቤት ሲያገኝ ጥርሱ በማይከደን ሰው ላይ ነው። ስለ ቤት ራሱ፣ ማለትም ስለ ግድግዳው፣ ስለ ሽቦውና ስለ ደረጃው ሊነገር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ነገሩን ያሳሰበኝ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ያውም አሜሪካን አገር።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረውን ይህን ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ወንድሜ ከሚኖርበት ሌላ አንዲት አሮጌ የጡብ ቤት አለችው፤ የሚያከራያት ለአንዲት ያገራችን ሴት ነው። ሴትየዋ ስልሳን አልፈዋል፤ ከልጃቸውና ከአራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ከኪራዩ እሳቸው የሚከፍሉት በደንቡ መሠረት ከገቢያቸው 30 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ነው፤ የቀረውን መንግሥት በቀጥታ ለወንድሜ ይከፍላል። «ሴክሽን ኤይት» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ የተጀመረ ነው። ታዲያ መንግሥት ገንዘቡን ዝም ብሎ አይሰጥም፤ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ሰው ልኮ ቤቱን ያስመረምራል። ቤቱ ወድቆ በጊዜው ካልተስተካከለ ክፍያው ይቆማል።

እኔ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ደብዳቤ መጣ። ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው! ወንድሜ መሰላል፣ ቀለምና መፍቻ ይዞ፣ እኔ ዝርዝሩን ይዤ ወደ ተከራይቱ ቤት ዘመትን። እኔ አነባለሁ፤ እሱ ይሠራል።

የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን «ከመስመሩ ጀርባ ያለውን አንብቡ» እያልኩ ስወተውት ነበር። ይህን ደረቅ ዝርዝር ሳነብም ያው አመሌ አልለቀቀኝም። «አራትና ከዚያ በላይ እርከን ያለው ደረጃ መደገፊያ ይኑረው» ይላል፤ ከጀርባው የወደቀ ሰው አለ። «የሶኬት ክዳን አይጉደል» ይላል፤ ጣቱን የከተተ ሕፃን አለ። ነዳጅ ወይም ጋዝ የሚያነድ መሣሪያ ባለበት ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑር ይላል፤ በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ይህ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ከጀርባው ተኝተው ያልተነሡ ሰዎች አሉ። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነና ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ካለበት የተላጠ ቀለም አይታለፍም፤ የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት ይኖርበታልና። ወንድሜ የመስኮቱን ደፍ ደርቦ ሊቀባው ብሩሹን አንሥቶ ነበር። አቧራው እንዳይበን በጥንቃቄ ሳይነሣ ደርቦ መቀባት እንደማይፈቀድ ሲያነብ ተስፋ ቆርጦ ቁጭ አለ። ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት በ24 ሰዓት፣ ሌላው በ30 ቀን ይስተካከል ይላል ደንቡ።

ሳሎን ስንገባ የጭስ ማንቂያው ፌስታል ለብሶ አገኘነው። ቡና በተቆላ ቁጥር እየጮኸ ሕፃኑን ያስደነግጠዋል። በሜሪላንድ ሕግ በባትሪ ብቻ የሚሠራ ማንቂያ ለአሥር ዓመት የታሸገ እንዲሆን ስለሚያስገድድ ባትሪውን መንቀል አይቻል፤ መፍትሔው ፌስታል ሆነ! ወንድሜ ወንበር ላይ ወጥቶ ሲያወልቀው ሴትየዋ ከታች ሆነው፦

«ሰውየው ሲሄድ መልሰህ ታለብስልኛለህ» አሉት።

ሳቅን። ግን እዚህ ላይ ነው የዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ገመናው። ደብዳቤ ይመጣል፣ ቤት ይዋባል፣ ተቆጣጣሪው ይሄዳል፣ ፌስታሉ ይመለሳል። እኛም ባስተማርንበት ተቋም ገምጋሚ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር አቧራ የበላቸውን መጻሕፍት ስንወለውል፣ የሌለ ፋይል ስናደራጅ አድረናል። ገምጋሚው በሄደ ማግስት ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ለፈተና ብቻ ያጠና ተማሪ በማግስቱ የሚረሳውን ያህል እኛም እንረሳለን። ስለዚህ «ቁጥጥር ሁሉ ቲያትር ነው» ብዬ ልደመድም ዳር ዳር ስል ነበር።

ተቆጣጣሪው መጣ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። የማንቂያዎቹን ቁልፍ እየተጫነ አስጮኻቸው፤ መስኮት ከፍቶ ዘጋ፤ ምድጃውን አንድ በአንድ ለኮሰ፤ ትንሽ መሣሪያ ሶኬት ላይ እየሰካ መብራቷን አየ። ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ያለውን ሶኬት ጣለው፤ የቀረው አለፈ። ሴትየዋ ቡና አፍልተው ነበር፤ አመስግኖ ሳይጠጣ ሄደ።

ማታ ወንድሜ ዕቃውን ሲጭን ሴትየዋ ወደ ምድር ቤት የሚወስደውን ደረጃ መደገፊያ ይዘው ነቅነቅ አደረጉት። አልነቃነቅ አለ።

«እሰይ! ሁለት ዓመት ሙሉ እግዜርን ይዤ ነው የወረድኩት» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም? እሱ እንደሁ ክፉ ሰው አይደለም።»

«ክፉስ አይደለም። ግን ወንድሜ፣ ዛሬ ደረጃ፣ ነገ ቧንቧ ስለው ሰልችቶት ለሌላ ቢያከራየውስ? ይህን ወረቀት የሚቀበል ባለቤት ስፈልግ ስንት ወር እንደተንከራተትኩ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ቲያትር ነው ያልኩት ነገር ሌላ መልክ ያዘ። ለካ ያ ቡና ሳይጠጣ የሄደ ሰው ሴትየዋ ሁለት ዓመት የዋጡትን ቃል በግማሽ ሰዓት ተናግሮላቸዋል! ወንድሜም ደጉ ሰው፣ ደብዳቤ ባይመጣ ያን መደገፊያ አይነካውም ነበር። ተከራይና አከራይ ብቻቸውን ሲሆኑ ንግግራቸው እኩል አይደለም፤ አንደኛው ቤት አለው፣ ሌላኛው ጭንቀት አለው። የቁጥጥር ትልቁ ጥቅም፣ መናገር ለማይችለው ወገን የሚናገር ሦስተኛ ሰው መሆኑ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰዓት ስለተዛባብኝ ብቻ አይደለም። እኔም አከራይ ነኛ!

አዲስ አበባ ከግቢዬ ጓሮ ሁለት ሰርቪስ ቤቶች አሉኝ። አንደኛዋን የተከራየች ወጣት ከታናሽ እህቷ ጋር ትኖርባታለች። መብራቱ ከዋናው ቤት በኮርኒስ በኩል በቀጭን ሽቦ የተሳበ ነው፤ ምጣዱም፣ ምድጃውም፣ ቴሌቪዥኑም የሚሰካው በአንድ ማከፋፈያ ነው። መስኮቷን ሌባ ፈርቼ በገዛ እጄ በምስማር የቸነከርኩት እኔ ነኝ። መብራት ሲጠፋ ከሰል ያያይዛሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ነገር ደግሞ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ራስ ምታት አስመስሎ ነው ሰው የሚወስደው። ልጅቷ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ማከፋፈያው እኮ ይሞቃል» ብላኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ብዙ ዕቃ አትሰኩበታ!» የአስተማሪ መልስ። ጥፋቱን ለተማሪው መልሶ መስጠት። በዚያ መሀል ሁለት ጊዜ ኪራይ ጨምሬያለሁ።

የኔ ጥፋት የኔ ነው። ግን እንዲህ ዓይነት ጓዳ ያለኝ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ነገሩም የዛሬ አይደለም። አሜሪካኖቹ ያን ሕግ ካወጡ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ላይ እኛ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47ን አውጥተን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረግን። ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። የኪራዩ መቀነስ ለብዙ ድሃ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን እነዚያ መንግሥት ለግል አከራይ ኪራይ እየከፈለ ቤቱን ሲመረምር፣ እኛ ጋ መንግሥት ራሱ አከራይ ሆነ። አከራዩ መንግሥት ከሆነ ማን ይመርምረው? የቀበሌ ቤት ኪራይ ጣሪያ ለማደስ አይበቃም፤ ተከራዩም በራሱ ላድስ ቢል ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቤቱ በባለቤቱም በነዋሪውም ፊት ዘመመ።

በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ አከራይ እንደፈለገ ዋጋ አይጨምር አለ። እሰየው ነው። ያኔ ግን በየሻይ ቤቱ የሰማሁት ክርክር ሁሉ ስለ ዋጋ ነበር። በስንት ብር እንደምንተኛ ተከራከርን እንጂ በሰላም ስለመነሣታችን የጠየቀ አልሰማሁም።

«እስቲ እኛ አገር ተቆጣጣሪ ይላክና እናያለን፤ ሌላ የጉቦ በር መክፈት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። «ለጥገና ያወጣሁትን ከኪራይ ላይ አመጣዋለሁ» የሚልም አለ፤ እሱም እውነት አለው። ክፍሉ «ለመኖሪያ አይሆንም» ቢባልስ ነዋሪው የት ይሂድ? ሜሪላንድም ቢሆን ቤቱ ሲወድቅና ባለቤቱ አላድስም ሲል ሌላ ቤት ፍለጋ የምትንከራተተው ተከራይዋ ናት። ስለዚህ እኔ ያን ረጅም ዝርዝር እንዳለ እናምጣ አልልም። ሦስት ነገር ይበቃናል፦ ሽቦ፣ አየርና መውጫ። ሽቦው የሚሰካበትን ይችላል? መስኮቱ ይከፈታል? እሳት ቢነሣ በየት ይወጣል? ውል ለማስመዝገብ ወረዳ መሄዳችን ካልቀረ፣ እነዚህ ሦስቱ በአንዲት ገጽ ሰፍረው አከራይና ተከራይ ቢፈርሙባት ምን ይጎዳል? ቢያንስ ልጅቷ «ጋሼ፣ ይሞቃል» ስትል የምትጠቁመው ወረቀት ይኖራታል።

ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይዤ ነበር። ኤሌክትሪሺያን አስመጥቼ ለምጣዱ የራሱን መስመርና ብሬከር አስገባሁ። የመስኮቱን ምስማር ራሴ ነቀልኩ፤ ራሴ ነበርኩ የመታሁት። ኮርኒሱ ሲነሣ የድሮው ሽቦ ልባሱ ጠቁሮ፣ ቀልጦ አየሁት። ኤሌክትሪሺያኑ በጣቱ ይዞ አሳየኝና ምንም ሳይናገር ራሱን ነቀነቀ።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ መሰላሉን፣ አዲሱን ሽቦ፣ እኔንም በየተራ ስታይ ቆየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«ጋሼ፣ ኪራይ ልትጨምሩ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። በእስከዛሬ ኑሯችን እኔ በሯን ያንኳኳሁት ለሌላ ጉዳይ አልነበረማ።