«ማጠንከር» እና ማዳን፤ ስለ ኮርኒያ ማጠንከሪያ ሕክምና ለታካሚዎች የሚሰጠው ማብራሪያ ሲመዘን

ኬራቶኮነስ ብዙውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ ጀምሮ የዓይንን የፊት ግልጽ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያን፣ እያሳሳና ወደ ፊት እያሾለ የሚሄድ ሕመም ነው። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች በእጃቸው የነበረው መነጽር፣ ጠንካራ የንክኪ ሌንስና በመጨረሻም የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ነበር። የሕመሙን ግስጋሴ የሚገታ ዘዴ አልነበረም። ይህን ክፍተት የሞላው በጀርመን ድሬስደን ከተማ በ1990ዎቹ ዓመታት የተጀመረው የኮርኒያ ማጠንከሪያ ሕክምና ነው። የሕክምናው ጠቀሜታ ዛሬ ብዙም አያከራክርም፤ ሊተች የሚገባው ለታካሚው የሚብራራበት መንገድ ነው።

በመደበኛው አሠራር የኮርኒያው የላይኛው ስስ ሽፋን ይገፈፋል፤ ሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) ለ30 ደቂቃ ያህል ይንጠባጠባል፤ ከዚያም አልትራቫዮሌት ኤ ጨረር ለሌላ 30 ደቂቃ ይበራበታል። በዚህም በኮላጅን ክሮች መካከል ተጨማሪ ማሰሪያ ይፈጠራል። ጨረሩ የውስጠኛውን የሴሎች ሽፋን እንዳይጎዳ የኮርኒያው ውፍረት ቢያንስ 400 ማይክሮን እንዲሆን ይፈለጋል። ስለዚህ እጅግ የሳሳ ኮርኒያ ይዞ ዘግይቶ የመጣ ታካሚ ዕድሉ ሊያመልጠው ይችላል።

ቮለንሳክ፣ ሽፐርልና ዛይለር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ከታከሙት 23 ዓይኖች በሁሉም የሕመሙ ግስጋሴ ቆሟል፤ በ16ቱ ደግሞ ጉብታው በአማካይ 2 ዳይኦፕተር ያህል ቀንሷል። ይሁን እንጂ ጥናቱ አነስተኛ ነበር፤ በዕጣ የተመደበ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። ሕክምናው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲፈቀድ መሠረት የሆነው ምርመራ ይህን ጉድለት አሟልቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ የታከሙት ዓይኖች ከፍተኛ ጉብታ በአማካይ በ1.6 ዳይኦፕተር ሲቀንስ፣ ያልታከሙት በ1 ዳይኦፕተር ጨምሯል።

ከእነዚህ አኃዞች ለታካሚው ጎልቶ የሚነገረው «ይቀንሳል» የሚለው ነው። ነገር ግን የውጤቱ ዋና ትርጉም በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ሕክምናው ሊመጣ የነበረውን ጉዳት ያስቀራል። ያልደረሰ ጉዳት ደግሞ በመሣሪያ ይለካል እንጂ ለታካሚው አይታየውም። «ዓይንህን እናጠነክራለን» የተባለ ወጣት መነጽሩን የሚጥልበትን ቀን ይጠብቃል። እርሱን የሚገጥመው ግን ለጥቂት ቀናት ብርቱ ሕመምና እንባ፣ ቀጥሎም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የደበዘዘ እይታ ነው። ኢንፌክሽንና ጠባሳም፣ ጥቂት ቢሆኑም፣ ያጋጥማሉ። መነጽሩ ወይም ሌንሱ ከዚያ በኋላም ያስፈልገዋል። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረው ሕክምናው እንዳልሠራ ቆጥሮ ክትትሉን ያቋርጣል፤ በዚህም አደገኛ የሆነ ኢንፌክሽን በጊዜው ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት የጊዜ ነው። የሕመሙ መባባስ በተደጋጋሚ ልኬት እስኪረጋገጥ መጠበቅ በጎልማሳ ላይ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በልጅ ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በብሪታንያ ከ10 እስከ 16 ዓመት ባሉ 60 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ በ18 ወር ውስጥ ሕመሙ የገሰገሰው ከታከሙት በ7 በመቶ ሲሆን ካልታከሙት በ43 በመቶ ነው። በመጠበቅ የጠፋውን እይታ ደግሞ ማጠንከሪያው አይመልሰውም።

ነገሩ ለአገራችን ሐኪሞችም ሩቅ አይደለም። ቨርናል የተባለው የዓይን አለርጂ በልጆቻችን ላይ ዘወትር የምናየው ሕመም ነው፤ ዓይንን አዘውትሮ ማሸትም ከኬራቶኮነስ ጋር የተያያዘ ነው። አለርጂውን ሳያክሙና ማሸቱን ሳያስተዉ ኮርኒያን ማጠንከር በአንድ እጅ ሠርቶ በሌላው ማፍረስ ነው። መነጽሩ በየጊዜው የሚለወጥበትን ልጅም ኮርኒያው እንዲለካ ሳይልኩ ማሰናበት አይገባም።

ስለዚህ ታካሚው የስምምነት ቅጹን ከመፈረሙ በፊት ሊሰማው የሚገባው ቃል አጭርና ግልጽ ነው፤ «ይህ ሕክምና የቀረዎትን እይታ ለመጠበቅ ነው፤ ያጡትን ለመመለስ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እይታዎ ሊደበዝዝ ይችላል። ከዓመት በኋላ ልኬቱ ባለበት ከቆየ ተሳክቷል ማለት ነው።» ይህን ሰምቶ የተስማማ ታካሚ በክትትሉ ይጸናል፤ በሐኪሙም ላይ ያለው እምነት አይናጋም።