ትንፋሽና ፈጣን ምት፦ ከፎገራ ዋሽንት እስከ ብሉዝ ሃርሞኒካ

በፈጣን ምት ላይ ዋሽንት የሚነፋ ሰው መጀመሪያ የሚያጥረው ትንፋሽ ነው፤ ጣት የሚቸገረው ከዚያ በኋላ ነው። ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ ከሸንበቆ የሚሠራ፣ አራት ቀዳዳ ያለው መሣሪያ ነው። አራቱም ሲደፈኑ የሚወጣው ድምፅ ሲታከልበት አምስት ይሞላል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። ወደ ላይኛው ኦክታቭ ለመውጣት ነፊው ትንፋሹን ያጠነክራል።

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ጉማራና ርብ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ በስሙ የሚጠራው የከብት ዝርያ የረባበት ሰፊ ግጦሽ ነው። እንዲህ ባለ አገር ዋሽንት የእረኛ ነው። እረኛ ብቻውን ሲነፋ ምት አይገዛውም፤ ትንፋሹ ባለቀበት ያርፋል። ሠርግ ቤት ገብቶ ከከበሮና ከጭብጨባ ጋር ሲቀላቀል ግን ማረፊያውን ምቱ ይወስንበታል።

የጎንደር ጭፈራ የሚሄድበት ችክችካ ምቱን በሦስት ይከፍላል፤ ሹፍል የሚባለው የብሉዝ ምትም እንዲሁ። በደቂቃ 60 ምት በሚሄድ ዜማ ክፍሎቹ ሁሉ ቢነፉ በሰከንድ 3 ድምፅ ይወጣል፤ በ160 ምት 8 ይሆናል። ባለ 12 ባሩ የብሉዝ ዙር በመጀመሪያው ፍጥነት 48 ሰከንድ ሲፈጅ በሁለተኛው 18 ብቻ ነው። በዝግታ የተለማመዱትን ጌጥ ሁሉ ተሸክሞ እዚህ ውስጥ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ፈጣን ሶሎ መማር በአመዛኙ መተውን መማር ነው፦ ዜማውን የሚሸከሙትን ድምፆች አስቀርቶ ሌላውን መልቀቅ።

ባለ 10 ቀዳዳው የብሉዝ ሃርሞኒካ በመንፋትም በመሳብም ድምፅ ይሰጣል። ነፊዎቹ ብዙ ጊዜ በሲ የተቃኘውን ይዘው በጂ ይጫወታሉ። በዚህ አያያዝ ዋነኞቹ ድምፆች በመሳብ ስለሚገኙ ሳንባ ከመጉደል ይልቅ እየሞላ ይሄዳል፤ ጀማሪ በፈጣን ሶሎ መካከል የሚታፈነውም በዚህ ነው። ትርፉን አየር በአፍንጫ ማስወጣት ወይም በሐረጉ መካከል የሚነፉ ድምፆችን ማስገባት ያስፈልጋል። የብሉዝ ሃርሞኒካ ነፊው ሶኒ ቴሪ የባቡርን ሩጫ ሲያስመስል መሳብና መንፋትን እያፈራረቀ ከትንፋሹ ምት ሠርቷል።

ዋሽንት ይህ ዕድል የለውም፤ አየር ሲሳብ ዝም ይላል። የሐረጉ መዝጊያ ድምፅ ሦስት ክፍል ርዝመት ቢኖረው፣ የበሰለ ነፊ ሁለቱን ነፍቶ በሦስተኛው በአፉ ጥግ አየር ይስብና ቀጣዩን ሐረግ ልክ በምቱ ራስ ላይ ያነሣል። በ160 ምት ይህ ክፍተት የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ነው። ሙሉ ትንፋሽ አይገባበትም፤ ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ መሳብ ግድ ይሆናል። ትንፋሹን በምቱ ራስ ላይ የሚወስድ ነፊ እስክስታ ወራጁን ትከሻው ሊወርድ ሲል ባዶ ቦታ ላይ ይጥለዋል።

ሜትሮኖም ይዞ ፍጥነትን ጥቂት በጥቂት መጨመር የተለመደ ልምምድ ነው፤ ለጣት ይበጃል፣ ለትንፋሽ ግን አይበቃም። በ80 ምት የተመረጠው መተንፈሻ በ160 ቦታው አይደለምና። ሁለት ባር ብቻ በሙሉ ፍጥነት ነፍቶ ማቆም፣ መተንፈሻውን እዚያው መወሰን፣ ከዚያ ሐረጉን ማርዘም የተሻለ መንገድ ነው። የድምፅ ጥራት ግን በዝግታ እንጂ በሌላ አይመጣም። ይህን ዝግታ ለእረኛው ይሰጠው የነበረው ግጦሹ ነው፤ አሁን ግን ፎገራ ላይ ሩዝ ሜዳውን እየያዘ ግጦሹ ጠቧል፤ የአካባቢው ከተማ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። የሩዙ ጥቅም ሳይዘነጋ፣ ከከብት ኋላ ይገኝ የነበረው ረጅም የመንፊያ ጊዜ ማነሱ ለዋሽንት እውነተኛ ጉዳት ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዋሽንትን ያስተምራል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም ዋሽንትን ከክራርና ከማሲንቆ ጋር በአንድ መድረክ አሰልፏል። በኅብረት መጫወት ምት ያስጠብቃል፤ የእረኛውን የብቻ ሰዓት ግን አይተካም።

የመሣሪያው ምርጫም ከትምህርቱ ይቆጠራል። የሃርሞኒካ ነፊ ለየቁልፉ የተለያየ ሃርሞኒካ እንደሚይዝ ሁሉ የዋሽንት ነፊም የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ይዞ ይዞራል። አጭሩ ቀዳዳዎቹ ስለሚቀራረቡ ለጣት ይቀላል፣ ድምፁም ቶሎ ይነሣል። ረጅሙ ጠለቅ ያለ ድምፅ አለው፤ በፈጣን ችክችካ ላይ ግን ወደ ላይኛው ኦክታቭ ሲዘል ይዘገያል፤ ስለዚህ እሱን የያዘ ነፊ ዜማውን በታችኛው ኦክታቭ አቆይቶ ዝላዩን ለሐረጉ መነሻ ቢያስቀምጠው ይሻላል።