ጅማ በሁለት መጻሕፍት መካከል፤ ስለ ቡናው ዘመን የተጻፈውና ያልተጻፈው

ስለ ጅማ የሚያጠና ተማሪ አስቀድሞ የሚገልጠው መጽሐፍ አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኸርበርት ሌዊስ በ1965 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተሙት የጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ጥናት ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተሰጥቷል)። መጽሐፉ ከ1830 ተነሥቶ፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር በሞቱበትና ጅማ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት አስተዳደር ሥር በገባችበት በ1932 ይፈጸማል። በመጀመሪያው እትም ርእስ ላይ ለኦሮሞ ሕዝብ የተሰጠው ስም ዛሬ እንደ ስድብ የሚቈጠር ነው፤ በ2001 እንደ ገና ሲታተም ግን ርእሱ ታርሟል።

የመጽሐፉ ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ስለ ኦሮሞ አስተዳደር ሲነገር ቀድሞ የሚነሣው የገዳ ሥርዐት ሲሆን፣ ሌዊስ በግቤ አካባቢ፣ ማለት በሊሙ፣ በጎማ፣ በጉማ፣ በጌራና በጅማ፣ ንጉሣዊ መንግሥት እንዴት እንደ በቀለ በጅማ ምሳሌነት አሳይተዋል። በጂሬን የተቀመጠው ንጉሥ በጎሳ አለቆች ትከሻ ላይ ብቻ ተደግፎ የሚገዛ አልነበረም፤ አባ ቆሮዎቹን ራሱ ይሾምና ይሽር ነበር፤ ኬላውንና ገበያውን በሹሞቹ ያስጠብቅ ነበር። ይህ ክፍል ዛሬም ቢሆን የሚተካከለው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ደራሲው በ1932 ለምን አቆሙ ተብሎ አይጠየቅም፤ ጸሓፊ ለነገሩ ወሰን የማበጀት መብት አለው። የሚጠየቀው ምስክሮቹ በየትኛው ዘመን ቆመው ተናገሩ የሚለው ነው። ሌዊስ ሽማግሌዎቹን የጠየቁት በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ በሂርማታ ገበያ አጠገብ ጣልያኖች የሠሯቸው ቤቶች የነጋዴ መጋዘን ሆነዋል። በ1954 እጅግ ከፍ ብሎ የነበረው የዓለም የቡና ዋጋ ወርዷል፤ በ1957 የብሔራዊ ቡና ቦርድ ተቋቁሟል፤ ቡና የሚያበቅለው መሬትም ወደ ባለሥልጣኖችና ወደ ነጋዴዎች እጅ እየተጠቃለለ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ አባ ጅፋር ገበያና ፍርድ የተጠየቀ ሽማግሌ ያለፈውን ብቻ አይናገርም፤ በደጁ የሚያየውንም ይመዝናል። የዱሮውን ሥርዐት ሲያወድስ የአሁኑን ባለርስት መውቀሱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ልጁ ባለርስት የሆነለት ሰው ተቃራኒውን ይናገር ይሆናል። ምስክሩ የቱን ያህል መሬት እንደ ነበረው፣ ጭሰኛ ይሁን ባለርስት፣ ከቃሉ ጎን ካልተጻፈ በቀር ቃሉ እስከ ምን እንደሚያስኬድ ማወቅ ያስቸግራል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ከሌላው ጫፍ ይነሣል። አማንዳ ማክቬቲ በ2012 ያሳተሙት ጥናት የአሜሪካ የልማት ርዳታ በኢትዮጵያ እንዴት የውጭ ፖለቲካ መሣሪያ እንደ ሆነ የሚመረምር ነው። ፕሬዚደንት ትሩማን በ1949 ያወጁት ፖይንት ፎር ከጅማ ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀ ነው። የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ፕሬዚደንት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያን ጐበኙ፤ እርሳቸው በ1951 በኢራን በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም ውሉ በ1952 ተፈርሞ የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት በዚያው ዓመት ተከፈተ፤ የኮሌጁ ትምህርት በ1956 ወደ ዓለማያ ተዛወረ። በሌላው ወገን ሶቪየት ኅብረት ንጉሠ ነገሥቱ በ1959 ሞስኮን በጐበኙ ጊዜ የ100 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሰጠች፤ የአሰብ የነዳጅ ማጣሪያና የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም በርዳታዋ ተሠሩ። ከዚህ እንደሚታየው ሁለቱ ኃያላን አገሩን እንደ ተካፈሉት ያህል ነበር፤ ጅማ ለአሜሪካኖቹ ደረሰች። የማክቬቲ መጽሐፍ ዋና ነገር የመንግሥታት አሳብ ነውና ነገሩን የሚያየው ከዋሽንግተን ነው። ከአጋሮ ገበያ ሆኖ የሚያነበው ሰው ግን ሌላ ጥያቄ አለው።

ጥያቄው የቡናው ዋጋ ነው። የኩባ አብዮት በ1959 ከተነሣ በኋላ አሜሪካ የቡና ዋጋ መውደቅ በላቲን አሜሪካ ኮሙኒዝምን ያስፋፋል ብላ ፈራች፤ ስለዚህ ቀድሞ ስትሸሸው የነበረውን የዋጋ ማረጋጊያ ስምምነት ተቀበለች። ዓለም አቀፍ የቡና ውል በ1962 በኒው ዮርክ ሲፈረም ኢትዮጵያም ከአባሎቹ አንዷ ሆነች። ውሉ ለእያንዳንዱ አምራች አገር ኮታ እየመደበ ወደ ገበያ የሚወጣውን ቡና ይገድብ ነበር፤ ከኮታ የተረፈው በመጋዘን ይቀመጣል፣ ወይም ከውሉ ውጪ ባሉ አገሮች በርካሽ ይሸጣል። ፍርሃቱ የተነሣው ስለ ሊሙና ስለ ጎማ ገበሬ ታስቦ አልነበረም። ሆኖም የአጋሮ ሰብሳቢ ለጀንፈል የሚሰጠው ዋጋ በዚያ ፍርሃት ጥላ ሥር ይወሰን ነበር። በ1989 የኮታው ሥርዐት ሲፈርስ፣ የበርሊንም ግንብ የፈረሰው በዚያው ዓመት ነው፣ ዋጋው አብሮ ወደቀ።

የብሔረሰብ ጥናት ከሁሉ ይልቅ ሊመረምረው የሚገባው ግን ዛፉ ነው። ጤፍ የዘራ ጭሰኛ በዓመቱ ያጭዳል፤ ሲሶም ይሁን እኩል ድርሻውን ከፍሎ ሒሳቡ ይዘጋል። ቡና የተከለ ጭሰኛ ግን የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይጠብቃል፤ ዛፉም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥር ዓመታት ያፈራል። መሬቱ የሌላ፣ ዛፉ የእርሱ የድካም ፍሬ ሲሆን፣ ጭሰኛው ቢባረር ዛፉ የማን ነው? ጥላ የሆነውን ዋንዛ ወይም ብርብራ ማን ይቈርጣል? ባለርስቱ ሲሞት የተተከለው ቡና ለወራሽ እንዴት ይቈጠራል? ሕጉ ለዚህ የሚሰጠው መልስ አንድ ነገር ነው፤ በመንደር ሽማግሌ ፊት ይሰጥ የነበረው ፍርድ ሌላ ነገር ነው። የ1975ቱ የመሬት ዐዋጅ ባለርስትነትን ሲሽር የመሬቱን ጥያቄ መልሷል፤ የዛፉ ሙግት ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን እንዴት ይዳኝ እንደ ነበረ በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ለቃሚውም እንደዚሁ ነው። በመከር ጊዜ ከጎጀብ ማዶ ከዳውሮና ከኮንታ፣ እንዲሁም ከሌላ ሩቅ አገር እየመጣ ለቅሞ የሚመለሰው ሰው የጅማ ነዋሪ አይደለምና በጅማ መንግሥት ታሪክ አይገባም፤ ርዳታ ተቀባይም አይደለምና በርዳታ ታሪክ አይገኝም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ተገቢ ነው። በ1964 እና 1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ልዑካን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እየዞሩ የቡና ዘር ሰበሰቡ። ዘሩ ከተላከባቸው ቦታዎች አንዱ ኮስታ ሪካ ያለው ቱሪያልባ ነው፤ ዛፎቹም የመጡበት ቦታ እየተመዘገበ እስከ ዛሬ ይጠበቃሉ። ከዚያው ጫካ ቡናውን የለቀሙት ሰዎች እንዲህ ያለ መዝገብ አላገኙም።

የ1932ን ግድግዳ የተሻገሩ ጥናቶች የሉም ማለት ግን አይደለም። ጉሉማ ገመዳ በ1996 ለዶክትሬት ያቀረቡት ሥራ የግቤን አካባቢ መሬትና እርሻ እስከ 1974 ይከተላል። ይህ ለታሪክ ትልቅ እርምጃ ሲሆን፣ በሥነ ሰብእ ወገን ተመሳሳዩ ሥራ ገና አልተፋጠነም። ውሉ በተፈረመበት በ1962 የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኖ የለቀመ ሰው ዛሬ ሰማንያ ሊሞላው ተቃርቧል። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ እንዲህ ያሉ ሰዎችን የሚያገኝ ተማሪ ስለ ነገሥታት ከመጠየቁ በፊት ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ጀንፈሉ መስፈሪያ፣ በቡናው ላይ ለሚሰጠው ቅድሚያ ብድርና ስለ ዛፉ ሙግት ቢጠይቅ፣ የተናጋሪውንም መሬት ከቃሉ ጎን ቢጽፍ፣ የሌዊስን መጽሐፍ ራሱን እንደ ገና ለማንበብ የሚረዳ ነገር ይዞ ይመለሳል።