ጨለማን ያመጣው ማን ነው?

አሜሪካዊው ደራሲ ስፕራግ ደ ካምፕ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. በመጽሐፍ ያወጣው «ጨለማ እንዳይወርድ» የተባለው ልብ ወለድ፣ ታሪክ በሌላ መንገድ ቢሄድ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ነው። ማርቲን ፓድዌይ የተባለ የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ በመብረቅ ከዘመኑ ተነጥቆ በ535 ዓ.ም. ሮማ ላይ ይገኛል። ኢጣልያን የሚገዙት ጎቶች ናቸው። እርሱም አረቄ እያወጣ፣ ማተሚያ እየሠራ፣ ጋዜጣ እያሳተመ የሚመጣውን ጨለማ ለመመለስ ይነሣል።

ደራሲውን የምናመሰግነው አንድ ነገር በማስተዋሉ ነው፤ ይኸውም ኢጣልያን ያጠፋት የእንግዳው ሕዝብ መምጣት ሳይሆን እርሱን ለማስወጣት የተደረገው ጦርነት መሆኑን ነው። በእውነተኛው ታሪክ የንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ የጦር አለቃ ቤሊሳርዮስ በ536 ዓ.ም. ሮማ ገባ። ጦርነቱ ግን ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ አገሩን ባድማ አደረገው፤ በ568 ዓ.ም. ደግሞ ሎምባርዶች ወረሩት።

የምንነቅፈው ስለ ሃይማኖት የጻፈውን ነው። ጎቶች የአርዮስን ትምህርት ሲከተሉ ሮማውያን የኒቅያን ሃይማኖት ይዘው ነበር። ደራሲው ግን ይህን ልዩነት በመጠጥ ቤት ክርክር አስቆን ያልፋል። በራቬና ከተማ እስከ ዛሬ የቆሙት ሁለት የጥምቀት ቤቶች፣ አንዱ የኦርቶዶክሳውያን ሁለተኛው የአርዮሳውያን፣ ነገሩ የሚያስቅ እንዳልነበረ ይመሰክራሉ። በአንድ ከተማ እየኖሩ በአንድ ውኃ የማይጠመቁ ሕዝቦችን ማተሚያ ብቻውን እንዴት ያስታርቃቸዋል? ደራሲው ይህን ሳይመልስ ቢቀርም አንባቢው እንዲጠይቅ አድርጎታልና ድካሙ ከንቱ አይደለም።